የዘጠኝ ሰዓት ወይን

ቀይ ወይን ብርጭቆ ውስጥ ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ከጠረጴዛው ይነሳና ይሄዳል። የሚሄደውም ከዓለም ከተማ ቁልቁል ወደ ጀማ ሸለቆ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ቅጠሉ የቀላ የወይን እርከን ይታየኛል፤ በነጠላ ተሸፍና ጥግ ላይ የተቀመጠች ማሰሮም ትታየኛለች። የሆነው ሁሉ የሆነው በአንድ ቀን፣ እንዲያውም ከረፋድ እስከ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን በሙሉ የምለካው በዚያ ቀን ነው።

በቅድሚያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊከበር የተቃረበበት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል በሆቴል ላይ የሚሠራበት ነበር። እኔም ከአዲሶቹ ሆቴሎች በአንዱ የመጠጥ ክፍሉን እመራ ነበር። ውጭ አገር ተልኬ የወይን አቀማመስ ተምሬ መጥቻለሁ። አፍንጫዬን ግን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ጉለሌ ውስጥ ጠላ ጠምቃ ካሳደገችኝ ከእናቴ ነው። እሷ ጋኑን ሳትከፍት በአጠገቡ አልፋ ብቻ «ይሄ ነገ ይደርሳል» ትል ነበር።

የሥራ ባልደረቦቼ «ሰብለ አንድ ጉንጭ» ይሉኝ ነበር። ስሙ የወጣልኝ በከንቱ አይደለም። አንድ ጉንጭ እይዛለሁ፣ እተፋለሁ፣ አንድ ቃል እናገራለሁ፤ አለቀ። በሰውም ላይ እንደዚያው ነበርኩ። ሊያገባኝ ሽማግሌ ሊልክ የተዘጋጀ ደህና ሰው ነበረ፤ ሻይ ሲጠጣ ድምፅ አሰማ ብዬ ነው የተውኩት። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሰው እኮ ሎሚ አይደለም፣ ተጨምቆ አይታወቅም» ትለኝ ነበር። እኔ እስቅባት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን አለቃዬ ጠርቶኝ፣ «መርሐቤቴ ቆላ ውስጥ አንዲት ሴት በጋን ቀይ ወይን ትጠምቃለች ይላሉ። እንግዶቻችን የአገር ወይን እየጠየቁ ነው። ሂጂና ቅመሺው። ከሆነ ይሆናል በያት፣ ካልሆነም እዚያው አይሆንም በያት። ሰው በተስፋ አንጠልጥለሽ እንዳትመጪ» አለኝ።

ከእኔ ጋር የተላኩት የሆቴሉ ሾፌር ጋሽ ታፈሰ ነበሩ። ማክሰኞ ልንደርስ ተነስተን ከለሚ ወዲያ የጀማን ቁልቁለት ስንወርድ ጎማ ፈነዳብን፤ መለዋወጫውም ጎማ ነፋስ አልነበረውም። ሌላ መኪና ደርሶ እስኪያወጣን መሸ። ዓለም ከተማ አድረን ወደ ወይኑ ቦታ የወረድነው በማግስቱ ረቡዕ፣ ያውም በነቢያት ጾም ነበር።

«እኛ ማክሰኞ አልን፣ እግዜር ረቡዕ አለ» አሉ ጋሽ ታፈሰ መሪውን እያዞሩ። «እንግዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የለም።»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳቸው።

«ሆድሽ ነው እንጂ ሥራ ላይ የሚሆነው!» ብለው ሳቁብኝ።

መኪናው ከማይሄድበት ቦታ ወርደን በእግራችን ቁልቁል ስንሄድ ነው መጀመሪያ ያየሁት። የማሽላው አገዳ ታጭዶ ምድሩ ሁሉ ገርጥቷል። በዚያ መካከል፣ ከአንዲት ቀጭን ምንጭ ሥር፣ በድንጋይ እርከን የተደረደረ ቀይ ነገር ነበር። ዘለላው ተለቅሞ ስላለቀ የቀረው ቅጠሉ ብቻ ነው፤ እሱም ሊረግፍ ሲል ቀልቷል። ነፋስ ሲነካው እርከኑ ሁሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከበታቹ ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር ጀማ አለ። ቆሜ ቀረሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወይኑን ሳልቀምሰው ወደድኩት። እባክህ ጥሩ ይሁን ብዬ በልቤ ለመንኩ፤ በሥራዬ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም።

ባለቤቷ እትዬ ፈለቀች እስከ አጥሩ መጥተው ተቀበሉን። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያልፋል፤ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ፤ እግራችሁ ይባረክ። ትናንት ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን ሳይ ዋልኩ» አሉ።

ከኋላቸው ልጃቸው ደምሴ ዶማውን ተደግፎ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በትሕትና እጅ ነሳኝ፤ ዓይኑ ግን ከእኔ ላይ አልተነሳም። ለምን እንደሆነ እናቱ ወደ እርከኑ እየወሰዱኝ ነገሩኝ።

ወይኑን የተከሉት ሟቹ ባለቤታቸው አቶ በየነ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አካባቢ ወይን መጥመቂያ ውስጥ በርሜል አጣቢ ነበሩ። ደርግ የወደቀ ጊዜ ሥራው ሲበተን፣ ሌላው ሰው ልብስና አልጋ ተሸክሞ ሲመለስ እሳቸው በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ እንጨት ይዘው ገቡ። አገሬው «በየነ ማገዶ ገዝቶ መጣ» ብሎ ሳቀባቸው። እንጨቱ ግን በቀለ። ከዘለላው ጥቂቱ እየደረቀ ለደብሩ ለቍርባን የሚሆን ዘቢብ ይሰጣል፤ የቀረው በጋን ወይን ይሆናል። አቶ በየነ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጠመቃውን የያዙት እትዬ ፈለቀች ናቸው።

«ምንጩ ግን እንደሚያዩዋት ቀጭን ናት» አሉኝ። «ሁለት ነገር አታጠጣም። ልጄ ሽንኩርት ልትከል ካለ ቆየ። አይፈረድበትም፤ ሚስት አለው፣ ልጅ አለው፣ ወይን በገበያ የሚገዛ ሰው የለም። ሦስት ዓመት ታገሠኝ። አሁን ችግኙ ደርሷል፣ ካልተተከለ ይበላሻል። እና ተስማማን። እርስዎ ይሆናል ካሉ ወይኑ ይኖራል። አይሆንም ካሉ ዛሬውኑ ይነቀላል።»

ደምሴ ከኋላችን ሆኖ፣ «እኔ ወይኑን ጠልቼ አይደለም እህቴ» አለ። «አባቴ የተከለው ነው። ግን ባህል ብቻ አይበላም።»

ትክክል ነበር።

የወይኑ ቤት ኮረብታው ተቦርቡሮ የተሠራ፣ ቀዝቃዛና ጨለምለም ያለ ነው። ጋኖቹ እስከ አንገታቸው መሬት ውስጥ ተቀብረዋል፤ አፋቸው በጭቃ ተመርጓል። አንዱ ብቻ ምርጊቱ ተነስቶ በእንጨት ክዳን ተከድኗል። እትዬ ፈለቀች ክዳኑን አንስተው ረጅም እጀታ ያላትን ቅል ወደ ጋኑ ሆድ ሰደዷት። ለእኔ ተብሎ ከጎረቤት የተዋሱትን ብርጭቆ ሞሉልኝ። በሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት ሰፊ አፍ ማሰሮ በነጭ ነጠላ ተሸፍና ተቀምጣ ነበር።

«ያቺስ?» አልኳቸው።

«እሷ የቤት ናት። ከዚሁ ጋን ጎህ ሲቀድ የቀዳኋት፤ ለዘጠኝ ሰዓት ለእኛ። የዋለ ነገር ለእንግዳ አይቀርብም፤ ለእርስዎ አሁን የተቀዳው ነው የሚሆነው።» ከዚያ ፊታቸው ላይ ሐሳብ መጣ። «ጾሙስ ግን?»

«አልውጠውም እትዬ፤ ቀምሼ እተፋዋለሁ።»

ጋሽ ታፈሰ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ።

«ይተፉታል?» አሉ እትዬ ፈለቀች ቀስ ብለው።

«ሥራው እንደዚያ ነው። ሁሉም ቦታ እንደዚያ ነው የሚደረገው።»

«ይሁን። ሥራ ከሆነ ይሁን። ግን መሬት ላይ አይሁን ልጄ፤ የዚህ ሐረግ ፍሬ ደርቆ ቤተ መቅደስ ይገባል።» ወጡና ንጹሕ ጎድጓዳ ሸክላ አምጥተው ከፊቴ አስቀመጡልኝ።

ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። ቀለሙ ያምራል፤ ጠርዙ ላይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥልቅ ቀይ ነው። አሸተትኩት። አሁን የተጫረ ክብሪት ሸተተኝ፤ ከሥሩ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ቤት። አንድ ጉንጭ ያዝኩ። ድዴን ጠርቅሞ ያዘው። ጌሾ ያኘክሁ መሰለኝ፤ ፍሬው የለም፣ ጣፋጩ የለም፣ ምሬትና ድርቀት ብቻ። ሸክላው ውስጥ ተፋሁት። ምናልባት ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው። ስሜ እንደሚለው በአንድ ጉንጭ አለመጨረሴ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ብርጭቆውን በድንጋዩ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ፈለቀች አፌን እያዩ ነው። ደምሴ በሩ ላይ ቆሟል። የአለቃዬ ቃል ትዝ አለኝ።

«አዝናለሁ እትዬ። አይሆንም» አልኩ።

እትዬ ፈለቀች ዓይናቸውን ከአፌ ላይ አነሱ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «እሺ። እግዜር ይስጥልኝ። ለይሉኝታ ብለው ቢዋሹኝ ይብስብኝ ነበር» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው ደግሞ፣ «ደምሴ፣ ከአባትህ ጀምር። ከላይ ካለው ከመጀመሪያው። እሱ ቆሞ ሌሎቹ ሲነቀሉ ማየት አልችልም» አሉት።

እኔ ከዚያ ቦታ መጥፋት ነበር የፈለግሁት። «ጋሽ ታፈሰ፣ እንሂድ» አልኩ በጆሯቸው።

እሳቸው ግን እንደ በሬ ተተከሉ። «ሴትየዋ ምሳ አዘጋጅታለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትበላላችሁ ብላናለች። ወይኗን ተፋሽ፣ ምሳዋንም ልትተፊው ነው?»

ቀረን።

እነዚያን ሰዓታት እንዴት እንደምገልጻቸው አላውቅም። ከቤቱ ፊት ካለው ዋንዛ ጥላ ሥር ቁርበት አንጥፈውልኝ ተቀመጥኩ። ባዶ ሆድ ነኝ፣ ከመንገዱ ደክሜያለሁ፣ ፀሐዩ ሞቅ ብሏል። ከላይ የደምሴ ዶማ ድምፅ ይመጣል፤ ዱብ ይላል፣ ቆየት ብሎ እንደገና ዱብ ይላል። በመካከሉ ዝምታው ይረዝማል። ዓይኔን እከድናለሁ፤ የቀላው ቅጠል ከዓይኔ ቆብ በስተውስጥም ይንቀሳቀሳል። አንዴ የእናቴ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ስነቃ ማዶ ካለው ደብር የሚመጣ የቅዳሴ ዜማ ነው፣ ነፋሱ ሲያመጣውና ሲወስደው። እንቅልፍ ይሁን እውን አልለየውም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቁልጭ ብሎ ይታወቀኝ ነበር፤ ያ ዶማ የሚመታው በእኔ ቃል መሆኑ።

እትዬ ፈለቀች ሽሮውን ጥደው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ምንም ለማለት አፍሬ ሳለ እሳቸው ማውራት ጀመሩ፤ እንዲያውም የሚያጽናኑኝ ነበር የሚመስሉት።

«እሱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የወይን ነገር እንደ ሃይማኖት ነበረው» አሉ። «ወይን የሚጠጣ ቀን ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ከጋኑ ወደ ማሰሮ ይገለብጣል፣ ነጠላ ያለብሳታል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በጾም ሲሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትውላለች፤ በበዓልም ቢሆን ከቅዳሴ በፊት አይነካትም። ‹አሁን ቀመስ ብታደርጋት ምናለ?› ስለው ‹መጀመሪያ እግዜር ይቅመሳት› ይለኛል። ይሄው እኔም እንደሱ እያደረግሁ አለሁ። ከማሰሮዋ ፊት ስሆን እሱ ከቤተ ክርስቲያን ገና ያልተመለሰ ይመስለኛል።»

«ከጋኑ በቀጥታ ቀድታችሁ ጠጥታችሁ አታውቁም?»

«ማን ደፍሮ! ዛሬ ለእርስዎ ነው እንደዚያ የቀዳሁት።»

ይህን ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ግን አልሰማሁም። ጆሮዬ ከዶማው ጋር ነበር። ቀና ስል ደምሴ የመጀመሪያውን ሐረግ ከነሥሩ አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞት ቆሟል። ይጥለዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልጣለውም። ወደ ጥላው ወሰደና ጆንያ ከምንጩ ነክሮ አመጣ፤ ሥሩን ጠቀለለው። አባቱ ከአዲስ አበባ እንዳመጡት አድርጎ አስተኛው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሐረግ ሄዶ ዶማውን ተደገፈና ቆመ፤ ብዙ ጊዜ ቆመ።

እትዬ ፈለቀች አይተውታል። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉና ወደ ሽሯቸው ሄዱ።

የደብሩ ደወል ተደወለ። ጥቂት ቆይቶ የነፍስ አባታቸው አባ ተክሌ መቋሚያቸውን ይዘው ቁልቁል መጡ፤ ገጻቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው። ማዕዱ በዋንዛው ሥር ቀረበ። ደምሴ ተጠርቶ «እጨርሳለሁ» ብሎ ቀረ። እትዬ ፈለቀች ማሰሮዋን ይዘው መጡና ለአባ ተክሌ ሰጡ፤ ለእኔና ለጋሽ ታፈሰ ግን ጠላ ሊቀዱ ተነሱ።

«የት ነው?» አሉ አባ ተክሌ።

«ለእንግዶቹ ጠላ ላምጣ አባቴ። ይሄ እንኳ የዋለ ነው። ደግሞም…» ብለው ወደ እኔ አዩ።

«ማዕድ አንድ፣ ማሰሮ አንድ። ተቀመጪ» አሉ አባ ተክሌ። ጸለዩ፣ ባረኩ፣ ነጠላውን ገለጡ። ለሁላችንም በዋንጫ ቀዱልን።

ከካህን እጅ የተቀበሉት አይተፋም። እንደ መድኃኒት ጭልጥ አድርጌ ልገላገል ብዬ ወደ አፌ አቀረብኩት።

ሽታው ቀደመኝ። ክብሪቱ የለም። የተዘጋው ቤት የለም። የደረቀ በለስ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ እንጆሪ፣ ከሥሩ ኮሰረት የነካ ነገር። ጠጣሁት። ያ ድዴን የጠረቀመው ነገር አሁን ምላሴ ላይ ለስልሶ ይሄዳል። ፍሬው መጣ፤ ሙሉ፣ በፀሐይ የበሰለ ፍሬ። ዋጥኩት፤ ከዋጥኩትም በኋላ አልሄደም፤ ቀረ፣ እየቆየ ወደ ጥቁር አዝሙድ ተለወጠ። ከሥር ጀማ ያበራል፣ ከላይ ቀዩ ቅጠል ይወዛወዛል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ቅርብም ሩቅም ሆነብኝ። በሥራዬ ብዙ የተመሰገነ ወይን ቀምሻለሁ። በወይን እንባዬ የመጣው ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ከየትኛው ጋን ነው?» አልኩ።

«ነገርኩዎት እኮ። ከዚያው ከተፉት ነው።»

ዋንጫዬን ከነቀሪው ይዤ ወደ ወይኑ ቤት ሮጥኩ። ረፋድ ላይ የተውኩት ብርጭቆ በመደርደሪያው ላይ እንዳለ አለ። አሸተትኩት። ክብሪቱ ሸሽቷል፤ ፍሬው ገና ከሩቅ ብቅ እያለ ነው። ማሰሮዋ ግን አፏ ሰፊ ነው፤ ከእሱም ብዙ ቀድማ ነው የተቀዳችው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ታፍኖ የኖረ ቀይ ወይን አየር ሲያገኝ እንደሚከፈት ተምሬዋለሁ፤ ለውዶቹ ጠርሙሶች በእጄ አድርጌዋለሁ። ይህን ግን ማንም እንዲያ ብሎ አልነገራቸውም፤ እነሱ ወይኑን ነጠላ ያለብሱታል እንጂ አየር አይሰጡትም። እኔን ስላከበሩኝ፣ የዋለ ለእንግዳ አይቀርብም ብለው፣ ገና ያልነቃውን ሰጡኝ። ለራሳቸው የነቃውን አስቀሩ።

ዶማው ዱብ አለ።

አቀበቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። አንድ እጄ ዋንጫዋን ይዟል፤ ወይኑ ጣቶቼ ላይ እየፈሰሰ ነው። ደምሴ የሁለተኛውን ሐረግ ሥር ዙሪያውን ከፍቶ፣ ሊያወጣው ጎንበስ ብሏል።

«ተው! ደምሴ፣ ተው!»

ቀና አለ። ላብና አፈር ፊቱን ሸፍኖታል። «አይሆንም ብለው ነበር እኮ።»

«ይሆናል! ያኔ አልደረሰም ነበር። እንካ ቅመስ።»

«አባቴ ከሞተ ወዲህ ቀምሼው አላውቅም» አለ።

«እንግዲያው ቅመስ።»

ዋንጫዋን በአፈራም እጁ ተቀበለኝ። ጠጣ። ከዚያ በቆፈረው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ግንባሩን በክንዱ ደገፈ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም አጠገቡ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

እናቱ ደረሱ፤ አባ ተክሌና ጋሽ ታፈሰም ከኋላ እያለከለኩ መጡ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ አየር እንደሚያነቃው፣ ማሰሮዋ ሰፊ አፍ የሆነችው፣ ጎህ ሲቀድ የሚቀዳው፣ ነጠላው ዝንብ እየከለከለ አየር የሚያሳልፈው፣ ሁሉም ለምን እንደሆነ። እትዬ ፈለቀች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ።

«በርሜል ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ያውቅ ነበር ማለት ነው» አሉ። «እኔን ‹እግዜር ይቅመሳት› ይለኛል! ታዲያ ለጸሎት ነበር ወይስ ለወይኑ?»

«ለሁለቱም ነዋ» አሉ አባ ተክሌ። «ለምን ትለያያቸዋለሽ?»

እትዬ ፈለቀች ሳቁ፤ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንገቴን አቀፉኝና፣ «አንቺ ልጅ» አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ነበር የሚሉኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጾሙ ባይዝሽ ኖሮ ሄደሽ ነበር እኮ!»

ሁለተኛውን ሐረግ አፈሩን መልሰን ሸፈንነው። የመጀመሪያውን፣ አቶ በየነ በጆንያ ያመጡትን፣ ደምሴ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ተሸክሞ ወደ ጉድጓዱ መለሰው። ቅርንጫፉን መለመለ፣ ሥሩን በጣቱ ዘረጋው፣ አፈሩን በእግሩ ሳይሆን በእጁ ጠቀጠቀው። እናቱ ከምንጩ ውሃ አመጡ። ይጸድቅ ይሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የሚያውቅ ስላልነበረ።

አዲስ አበባ ስመለስ አለቃዬን «ይሆናል፤ ግን በጠዋት ተገልብጦ በሰፊ ማሰሮ መዋል አለበት» አልኩት። ሳቀብኝ። በማግስቱ ጠዋት ይዤ ከመጣሁት ወይን በራሴ እጅ ገልብጬ፣ ከሰዓት በኋላ ቀዳሁለት። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ሽንኩርቱም ከእርከኑ በታች የመሬቱን ጫፍ አገኘ፤ ሆቴሉ ለወይኑ በሰጣቸው ቅድመ ክፍያ ደምሴ ለምንጯ የውሃ ማጠራቀሚያ ሠራላትና ለሁለቱም በቃች።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ወርጄ ስጠይቃቸው ሐረጎቹ ሁሉ ለምልመው፣ ዘለላ ተሸክመው አገኘኋቸው፤ ከላይ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ሲቀር። እሱ ደረቅ እንጨት ሆኖ ቆሟል፤ ክረምቱ አልፎበት አንድ ቅጠል አላወጣም። ደምሴ ግን ዙሪያውን ኮትኩቶታል፣ ውሃውን እንደሌሎቹ ያጠጣዋል።

«ይሄስ አልቆለታል ደምሴ፤ ለምን አትነቅለውም?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ተይው እህቴ» አለኝ። «ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነለት ይሆናል።»

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስጽፍ ታገሡ ብዬ ልሰብካችሁ አይደለም፤ እኔ ራሴ ዛሬም ቸኩዬ የምናገርበት ቀን ብዙ ነው። ግን «አይሆንም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያ ዶማ ይሰማኛል። ሰው ሲያስቀይመኝ፣ አዲስ ነገር ሲመረኝ፣ ብርጭቆዬን ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ዋንዛው ሥር ልቀመጥ እላለሁ። በዚህ መንገድ ያተረፍኳቸው ወዳጆች አሉኝ። ያ ሻይ ሲጠጣ ድምፅ የሚያሰማው ሰው ዛሬ የልጆቼ አባት ነው፤ ድምፁን እስከዛሬ አልተወም። እናንተም በአንድ ጉንጭ የተፋችሁት ነገር ካለ፣ ብርጭቆው እዚያው ካለ፣ ሄዳችሁ አሽትቱት። ምናልባት ተለውጦ ይሆናል፤ ምናልባትም አልተለወጠም ይሆናል። ለማወቅ ግን መመለስ ያስፈልጋል።

ሌላ ክረምት አለፈ። መስከረም እንደጠባ አንድ ጠዋት ቢሮዬ ስገባ ስልኬ ጠራ። ደምሴ ነው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ገደሉ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ነፋሱ እየጮኸ።

«እህቴ፣ እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ምን ነካው ብዬ ሰዓቴን አየሁ። «ሦስት ሰዓት» አልኩት።

«እዚህ ግን ዘጠኝ ሆኗል» አለ። «የአባቴ ሐረግ ከሥሩ ሁለት ቅጠል አወጣ።»

ከኋላው የእትዬ ፈለቀች እልልታ ይሰማኝ ነበር።